ሰማያዊው ገጽ ምን እየጠየቀሽ ነበር?

ጥያቄው፦ «ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ አለኝ። ድጋፉ ስላበቃ ከጎኑ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሌላ ስርዓት ጫንኩ። ዋይፋዩ ግን እምቢ አለ። በስልኬ ኢንተርኔት ሰጥቼው ድራይቨር ማኔጀር ውስጥ የብሮድኮሙን ድራይቨር ጫንኩ። ሪስታርት ሳደርገው ሰማያዊ ገጽ መጣ። ስላልገባኝ ኮንቲኒው የሚለውን ነክቼ አለፍኩት። ዋይፋዩ አሁንም የለም። ዊንዶውስ ገብቼ ስመለስ ደግሞ ሰዓቱ ይዛባል። ዲ ድራይቭ ላይ ያሉ ፋይሎቼን እከፍታለሁ እንጂ አዲስ ነገር ማስቀመጥ አልችልም። ሦስት ጊዜ ፎርማት አድርጌ ጫንኩት፤ ያው ነው። ትናንት አፕዴት እያደረገ ባትሪው አለቀና ከዚያ ወዲህ ምንም ፕሮግራም አልጭን አለኝ። ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ልሞክር ወይስ ወደ ዊንዶውስ ልመለስ? እህታችሁን እርዱኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሚንቱን የጫንሽበትን ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። አራተኛ ፎርማት አያስፈልግሽም።

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰማያዊውን ገጽ መጥቀስሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው «ዋይፋይ አይሠራም» ብሎ ብቻ ይጽፋል። አንቺ ግን መሃል ላይ ያየሽውን ሳትደብቂ ነገርሽኝ። የዋይፋይሽ መልስ ያለው እዚያው ገጽ ላይ ነው።

አራት ችግር ዘርዝረሻል። የትናንቱን አፕዴት ለጊዜው እንተወውና ሦስቱን ተመልከቻቸው። ሦስት ጊዜ ፎርማት አድርገሽ ሦስቱም አልተለወጡም። ለምን? ፎርማት ስታደርጊ የሚጠፋው ሊኑክስ ያለበት የዲስክ ክፍል ብቻ ነው። የዋይፋዩ እንቅፋት ግን ማዘርቦርዱ ላይ ነው ያለው። የዲ ድራይቩ እንቅፋት ዊንዶውስ ውስጥ ነው። የሰዓቱ ነገር ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰዓት ይመለከታል። ሊኑክሱን መቶ ጊዜ ብትጭኚው ሦስቱም ቦታ አይነካም። ከዊንዶውስ ዘመን የመጣ ልማድ ነው፤ ኮምፒውተር ሲያስቸግር «ፎርማት ይደረግ» እንላለን። እዚህ ግን ጊዜሽን ይበላል፤ ምልክቱንም ያጠፋብሻል።

ወደ ሥራው እንግባ። ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ ነው። አንቺ ተርሚናሉ ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ፊደል ትጽፊያቸዋለሽ። ክፍት ቦታውና ሰረዙ እንዳለ ይቀመጥ። ተርሚናሉን ለመክፈት ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ተጫኚ።

ከትናንቱ አፕዴት እንጀምር። እሱ ካልተስተካከለ ሌላ ምንም መጫን አይቻልም። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኪው። ስልክሽን በገመድ አገናኚና ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ አጋሪው። ከዚያ ተርሚናሉ ላይ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ብለሽ ጻፊና ኢንተር በይ።

የይለፍ ቃል ይጠይቅሻል። ስትጽፊ ምንም ላይታይሽ ይችላል፤ ኮከብም ነጥብም ላይኖር ይችላል። ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ከኋላሽ የቆመ ሰው ስንት ፊደል እንደጻፍሽ እንዳያይ ተብሎ ነው። ጽፈሽ ኢንተር በይ።

ባትሪው መሃል ላይ ካለቀ፣ የሚመጣው መልእክት ሥራው መቋረጡን ይናገራል። ቀጥሎም ምን ብለሽ መጻፍ እንዳለብሽ እዚያው በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስቀምጦልሻል፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»። ዲፒኬጂ ማለት አራቱ ፊደላት ናቸው፤ ዲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ጂ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ራሱን አይተሽ ገልብጪው። ይህ ትእዛዝ በግማሽ የቀሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እየወሰደ ይጨርሳቸዋል። ሲጨርስ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ድገሚው። አሁንም «የጎደለ ጥገኛ አለ» የሚል ነገር ካመጣ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» በይው። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

እዚህ ቦታ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ሎክ ማግኘት አልቻልኩም» የሚል መልእክት ካየሽ ምንም አትንኪ። ሌላ ፕሮግራም፣ ምናልባት ራሱ አፕዴት ማኔጀሩ፣ በዚያው ሰዓት እየጫነ ነው ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ኢንተርኔት ላይ «የሎክ ፋይሉን አጥፊው» የሚል ምክር ሞልቷል። አትስሚው። ሎኩ ሁለት ፕሮግራሞች አንድ መዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉ የተቀመጠ ጠባቂ ነው። ጠባቂውን አስወግደሽ ሁለቱም ከጻፉ፣ ያኔ በእርግጥም የሚያስለቅስ ብልሽት ይመጣል።

አሁን ወደ ዋይፋዩ። እዚህ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱን ካወቅሽው ወደፊት ለሌላም ነገር ይጠቅምሻል።

ዋይፋይሽን የሚያሠራው ቺፕ ብሮድኮም ከሚባለው ቺፕ ሠሪ ኩባንያ ነው። ድራይቨር ማለት አንድን ዕቃ ከስርዓቱ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው፤ ከርነል ደግሞ የስርዓቱ እምብርት። ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያሉት ድራይቨሮች አብዛኞቹ ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ከርነሉ ጋር አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ ድምፁ፣ ስክሪኑ፣ ማውሱ ምንም ሳትጭኚ ሠሩልሽ። ያንቺ የብሮድኮም ቺፕ ግን ኮዱ ዝግ የሆነ ድራይቨር ይፈልጋል። ዝግ ስለሆነ የከርነሉ አካል መሆን አይችልም። ለብቻው ወርዶ፣ አንቺው ላፕቶፕ ላይ ካለሽ ከርነል ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ይሠራል። እዚያው ቤትሽ እንደተሰፋ ልብስ አስቢው።

ችግሩ በር ላይ ጠባቂ መኖሩ ነው። ስሙ ሴኪዩር ቡት ይባላል። ዊንዶውስ 8 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 ከወጣ ወዲህ የተሸጡ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ይህ ጠባቂ በርቶ ነው የሚመጡት። ሥራው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የታመነ ፊርማ የሌለው ነገር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያግዳል። የሚንት ከርነል ፊርማ ስላለው ያልፋል። እዚያው ላፕቶፕሽ ላይ የተሠራው ድራይቨር ግን ማን ይፈርምለት? ኮምፒውተርሽ ራሱ አንድ ቁልፍ ያዘጋጅና በዚያ ይፈርምለታል። ይህን ቁልፍ ጠባቂው አያውቀውም። አንድ ሰው «እወቀው፣ የኔ ነው» ሊለው ይገባል።

ያ ሰው ማን ነው? አንቺ ነሽ። ቁልፉ በእንግሊዝኛ በምሕጻር ሞክ ይባላል፤ የማሽኑ ባለቤት ቁልፍ ማለት ነው። ሰማያዊው ገጽ እየጠየቀሽ የነበረው ይህን ነው፦ «ባለቤቷ፣ ይህን ቁልፍ ልቀበለው?» አንቺ ኮንቲኒው ብለሽ አለፍሽ። ጠባቂው ፈቃድ ስላላገኘ ድራይቨሩን በር ላይ መለሰው። ድራይቨሩ ተጭኗል፤ ግን አልገባም። ሦስት ጊዜ ጫንሽ፣ ሦስት ጊዜ ተጠየቅሽ፣ ሦስት ጊዜ አለፍሽው።

ጥፋተኛ ነሽ ማለቴ አይደለም። ገጹ ራሱ የሚያስደነግጥ ነው። ሰማያዊ መደብ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማውስ የማይሠራበት፣ ካልነካሽው በሰከንዶች ውስጥ የሚያልፍ። ምን እንደሚጠይቅ በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ቢነግር ኖሮ ብዙ ጀማሪ አይቸገርም ነበር። ሊኑክስን ለሰው የሚያወርስ ሁሉ ይህን ገጽ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ለምን ሊኑክሱ ውስጥ ሆነሽ እሺ ማለት አልቻልሽም? ቫይረስም ሊኑክስ ውስጥ ገብቶ እሺ ማለት ይችል ነበራ! ስለዚህ ጥያቄው የሚመጣው ስርዓቱ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ኪቦርዱ ፊት የተቀመጠ ሰው ብቻ ሊመልሰው በሚችልበት ሰዓት።

ግምቴን ሳታረጋግጪ አትቀጥይ። ተርሚናሉ ላይ «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ» በይ። ሁለቱም በፊደል ስም የጻፍኳቸው ናቸው። ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ቺፖች ይዘረዘራሉ። ብሮድኮም የሚለውን ኔትወርክ ኮንትሮለር ፈልጊ። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ከሌለ፣ ቺፑን የያዘው ድራይቨር የለም ማለት ነው። ቀጥለሽ «ሱዶ ሞድፕሮብ ደብሊውኤል» በይ። የመጨረሻው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ደብሊውና ኤል፤ የድራይቨሩ ስም ነው። «ኪ ዋዝ ሪጀክትድ» ብሎ ከመለሰልሽ በቃ፣ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም እያለሽ ነው። ግምታችን ትክክል ነበር። ምንም ሳይል ዝም ካለ ደግሞ ድራይቨሩ ገብቷል። ተርሚናል ላይ ዝምታ ማለት አብዛኛውን ጊዜ «ተሳክቷል» ማለት ነው። ያኔ «አርኤፍኪል» ብለሽ ጻፊና ዋይፋዩ በማብሪያ ቁልፍ ተዘግቶ እንደሆነ እዪ። «ሃርድ» በሚለው ሥር «ብሎክድ» ከተባለ፣ ላፕቶፑ ጎን ወይም ኪቦርዱ ላይ ያለው ማብሪያ ጠፍቷል። «ሶፍት» ከሆነ «ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይፈታዋል። «እንዲህ ያለ ሞጁል የለም» ካለ ግን ድራይቨሩ ከመነሻው አልተሠራም፤ የትናንቱን አፕዴት ካስተካከልሽ በኋላ ድራይቨር ማኔጀሩ ውስጥ እንደገና ጫኚው።

ቁልፉ ከሆነ ችግሩ፣ ጥያቄውን እንደገና እንጥራው። «ሱዶ አፕዴት-ሴኪዩርቡት-ፖሊሲ --ኤንሮል-ኪ» በይ። አዲስ የይለፍ ቃል እንድትፈጥሪ ይጠይቅሻል። ከ8 እስከ 16 ፊደል ይሁን። ይህ የይለፍ ቃል ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ትንንሽ ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ተጠቀሚ። ሰማያዊው ገጽ የኪቦርድሽን ቋንቋ አያውቅም፤ እንግሊዝኛ አሜሪካ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ምልክቶች ካስገባሽ ቦታቸው ሊለዋወጥብሽ ይችላል። ወረቀት ላይ ጻፊው።

ከዚያ ሪስታርት አድርጊ። ከላፕቶፑ ፊት ተነስተሽ ቡና ልታፈዪ እንዳትሄጂ፤ ገጹ የሚጠብቅሽ ለአጭር ጊዜ ነው። ሲመጣ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኚ። ዝርዝር ይወጣል። በቀስት ቁልፍ ወርደሽ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን ምረጪ። ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ «ኮንቲኒው» በይ፤ እዚህ ጋ ያለው ኮንቲኒው ትክክለኛው ነው። «ልቀበለው?» ብሎ ሲጠይቅ «የስ»። የይለፍ ቃሉን አስገቢ፤ እዚህም ላይታይሽ ይችላል። በመጨረሻ «ሪቡት»። ሚንት ሲነሳ የዋይፋዮቹ ስሞች ከታች በቀኝ በኩል ተደርድረው ታገኚያቸዋለሽ። ቁልፉ አንዴ ከገባ ከርነሉ ሲታደስም ይቀጥላል፤ አዲሱ ድራይቨር በዚያው ቁልፍ ይፈረማል።

«ሴኪዩር ቡቱን አጥፍተሽ ተገላገይ» የሚሉሽ ይኖራሉ። ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብተሽ ማጥፋት ይቻላል፤ ዋይፋዩም ይሠራል። እኔ ግን መጀመሪያ እንድታደርጊው አልመክርም። አንደኛ፣ ጠባቂው ጥቅም አለው። ሁለተኛ፣ የዊንዶውሱ ዲስክ በቢትሎከር ተቆልፎ ከሆነ፣ ሴኪዩር ቡትን መንካት ዊንዶውሱ የመክፈቻ ቁልፍ እንዲጠይቅሽ ሊያደርግ ይችላል። 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ከሌለሽ ፋይሎችሽ እዚያው ተቆልፈው ይቀራሉ። ወደፊትም ቢሆን ባዮስ ከመንካትሽ በፊት ይህን ቁጥር ከማይክሮሶፍት አካውንትሽ አውጥተሽ ወረቀት ላይ አስፍሪው።

ዲ ድራይቩ። ይህኛው አጭር ነው፤ ግን ፋይል ሊያጠፋብሽ ስለሚችል በጥንቃቄ አንብቢው።

ዊንዶውስ ላይ ሻት ዳውን ስትዪ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ይመስልሻል። አይዘጋም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ዊንዶውሱ በቶሎ እንዲነሳ ብሎ የራሱን ልብ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሲተኛ ዲስኮቹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ያስታውሳል። አሁን ሊኑክስ መጥቶ ዲ ድራይቭ ላይ ቢጽፍ፣ ዊንዶውሱ ሲነቃ ያስታወሰውና ያለው ነገር አይገጥምም። ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ። ሊኑክስ ይህን ስለሚያውቅ «ማየት ትችያለሽ፣ መጻፍ ግን አልፈቅድም» ይላል። አንዳንዴም ጭራሽ አልከፍትም ሊል ይችላል። አስቸገረኝ አትበዪው። ፋይልሽን እየጠበቀልሽ ነው።

ራስሽ ልታረጋግጪው ትችያለሽ። ዊንዶውስ ውስጥ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት በይና ወደ ሚንት ግቢ። ሪስታርት ሙሉ መዘጋት ነው። ዲ ድራይቭ ላይ መጻፍ ከቻልሽ መንስኤው ተገኘ።

ለዘለቄታው ዊንዶውስ ውስጥ ኮንትሮል ፓነል ግቢ። ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የፓወር ቁልፎቹ ምን ያድርጉ የሚለው፣ ከዚያ አሁን መቀየር የማይቻሉትን ቀይር የሚለው። ታች ላይ «ተርን ኦን ፋስት ስታርትአፕ» ፊት ያለውን ምልክት አንሺና ሴቭ አድርጊ። ትልልቅ የዊንዶውስ አፕዴቶች መልሰው ሊያበሩት ይችላሉ። ከወራት በኋላ ችግሩ ቢመለስ መጀመሪያ እዚህ እዪ። ሃይበርኔት አድርገሽም ወደ ሊኑክስ አትሻገሪ፤ ያው ነው።

ይህን አድርገሽ አሁንም እምቢ ካለ ዊንዶውስ ውስጥ ዲ ድራይቩን በቼክ ዲስክ ፈትሺው። የዊንዶውስን ዲስክ የሚጠግነው ዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ በግድ የሚያስከፍቱ ትእዛዞች አሉ፤ ሆን ብዬ አልጽፍልሽም።

ሰዓቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም የምትቆጥር ትንሽ ሰዓት አለች። ዊንዶውስና ሊኑክስ ይህችን ሰዓት በሁለት ቋንቋ ነው የሚያነቧት። ዊንዶውስ «ያለሽበት አገር ሰዓት ናት» ይላል። ሊኑክስ «የዓለም መነሻ ሰዓት ናት» ይልና ያንቺን የሰዓት ክልል ይደምርበታል ወይም ይቀንስለታል። አንዱ ያስተካከለው ለሌላው የተዛባ ነው። ሰዓቱ በስንት እንደሚዛባ ብታዪው ሁልጊዜ ያው ልዩነት ነው። የባትሪ ችግር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም፤ ሰዓቱ ዝም ብሎ ወደ ድሮ ቀን ይመለስ ነበር።

ሊኑክስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ሰዓቱን ያስተካክላል። ዋይፋይ ስለሌለሽ ነው እንዲህ ጎልቶ የታየሽ። ዋይፋዩ ሲሠራ ደግሞ ችግሩ ወደ ዊንዶውሱ ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ቋንቋ እናናግራቸው። «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ብለሽ ጻፊ። ሊኑክሱ ሰዓቷን እንደ ዊንዶውስ ማንበብ ይጀምራል። የበጋና የክረምት ሰዓት የሚቀያየርበት አገር ከሆንሽ በዚያ ቀን ሁለቱም ሊያስተካክሉት ይሞክራሉና አንዴ አይተሽ ማረም ሊኖርብሽ ይችላል። ከዚህ ሌላ ለጀማሪ የሚበቃ መፍትሔ ነው። አንድ ቀን ዊንዶውሱን ካስወገድሽው መጨረሻ ላይ ያለውን 1 በ0 ተክተሽ ድገሚው።

በነገራችን ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከቀረ አፕዴትም ሊከለክልሽ ይችላል። «ኖት ቫሊድ የት» የሚል መልእክት ይመጣል። ዝርዝሩ ገና ያልደረሰ ቀን ተጽፎበታል ብሎ ስለሚያስብ ነው። እንዲህ ያለ መልእክት አይተሽ ከሆነ ኢንተርኔቱን አትጠርጥሪ፤ ሰዓቱን እዪ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ፤ ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ወይስ ዊንዶውስ? ሌላ ሊኑክስ አሁን አትሞክሪ። ሁሉም ከርነላቸው ያው ሊነስ ቶርቫልድስ እንደ ፈረንጆቹ በ1991 የጀመረው ነው። ቺፑም ያው፣ ጠባቂውም ያው፣ ዊንዶውሱም ያው ነው። ኡቡንቱ ብትጭኚ ሰማያዊው ገጽ እዚያም ይጠብቅሻል፤ ሚንት ራሱ በኡቡንቱ ላይ ነው የተሠራው። ፌዶራ ብትጭኚ የብሮድኮሙን ድራይቨር ለማግኘት ተጨማሪ ምንጭ መክፈት ይኖርብሻል፤ ይከብድሻል እንጂ አይቀልሽም። ለጀማሪ ሚንት ጥሩ ምርጫ ነው፤ በምርጫሽ ተማመኚ።

ዊንዶውሱን ደግሞ አሁን አታጥፊው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኢንተርኔት ላይ የምትሠሪውን፣ በተለይ የባንክና የኢሜይል ነገር፣ ወደ ሚንት አዙሪው። ዊንዶውሱን ለማትተኪው ፕሮግራም ብቻ አቆዪው። ሁለት ሦስት ወር ሳትከፍቺው ካለፈ መልሱን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ዋይፋዩ እንደሠራ፣ ሌላ ነገር ከመንካትሽ በፊት ታይምሺፍት የሚለውን ፕሮግራም ክፈቺ። ሚንት ላይ አብሮ ይመጣል። አንድ ስናፕሾት አንሺ። ስርዓቱ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ያስቀምጥልሻል። ነገ አፕዴት ወይም ድራይቨር ቢያበላሸው በደቂቃዎች ወደዛሬው ትመለሻለሽ። ፎርማት የምትዪበት ምክንያት እዚህ ላይ ያልቃል። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ ታይምሺፍት በራሱ ካልነገርሽው በስተቀር ፎቶና ሰነዶችሽን አያስቀምጥም። ለነሱ ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ ያስፈልግሻል።

ደብተርም ያዢ። የምሬን ነው። እኔ ከጀመርኩ ጀምሮ ተርሚናል ላይ የጻፍኩትን ትእዛዝና ያደረግኩበትን ቀን በእጄ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳይ ዋይፋይ ሲያስቸግረኝ ሦስት ዓመት ወደኋላ ገልጬ በአሥር ደቂቃ ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ቀይረሽ፣ ሞክረሽ፣ ጽፈሽ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ። በአንድ ጊዜ አምስት ነገር ከቀየርሽ የትኛው እንደፈታው፣ የትኛውስ እንዳበላሸው አታውቂም። ከኢንተርኔት ያገኘሽውን ትእዛዝ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ሳይገባሽ ሱዶ ከፊቱ ካለ አትለጥፊው። ሱዶ ማለት «እንደ ባለቤቱ ሆኜ ነው የማዝዘው» ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም «እርግጠኛ ነሽ?» ሳይል ሊፈጽመው ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ዋይፋዩ አሁንም ካልታየ ሦስት ነገር ላኪልኝ። አንደኛ፣ «ኢንክሲ -ኤፍኤክስዜድ» የሚሰጠውን ሙሉ ጽሑፍ፤ የመጀመሪያው ቃል አራት ፊደል ነው፤ አይ፣ ኤን፣ ኤክስ፣ አይ፤ ከሰረዙ በኋላ ያለችው ኤፍ ብቻ ትልቅ ፊደል ትሁን። ዜዷን አትርሺያት፤ የላፕቶፑን መለያ ቁጥሮችና የኢንተርኔት አድራሻሽን የምትሸፍነው እሷ ናት። ሁለተኛ፣ ከሞድፕሮቡ በኋላ የመጣውን መልእክት ቃል በቃል፤ ፎቶም ቢሆን ይበቃል። ሦስተኛ፣ ሰማያዊው ገጽ በዚህኛው ዙር መምጣት አለመምጣቱን፣ ከመጣም የትኛውን እንደመረጥሽ። እነዚህን ካየሁ ቀጥሎ የት እንደምንመለከት እነግርሻለሁ።